ስለ «ኤል ኤይ ኑዋር» የወንጀል ምርመራ ጨዋታ፤ ብርታቱና ጉድለቱ

የሰው ፊት ምስክር ሊሆን ይችላልን? ይህ ጥያቄ የሕግና የሥነ ልቡና ተማሪዎች የሚከራከሩበት ከመሆኑም በላይ፣ በአንድ የቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ዋና ጉዳይ ሆኖ እናገኘዋለን። ጨዋታው «ኤል ኤይ ኑዋር» ይባላል። ያዘጋጀው በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ ከተማ የነበረው ቲም ቦንዳይ የተባለ ድርጅት ሲሆን፣ ሮክስታር ጌምስ የተባለው አሳታሚ በ2011 ዓ.ም. ለገበያ አውጥቶታል። (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ኑዋር» በፈረንሳይኛ ጥቁር ማለት ነው። የፈረንሳይ ሐያስያን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1946 ዓ.ም.፣ ወደ አገራቸው ለገቡት የአሜሪካ የወንጀል ፊልሞች ይህን ስም ሰጡ። በእነዚህ ፊልሞች ሌሊቱ ረጅም ነው፤ ፖሊሱም ከሌባው እምብዛም አይሻልም። ጨዋታውም ይህንኑ መንፈስ ይዞ፣ በ1947 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ኮል ፌልፕስ የተባለ ከጦር ሜዳ የተመለሰ ወጣት ፖሊስ ከተራ ዘብነት ተነሥቶ ከአንዱ የምርመራ ክፍል ወደ ሌላው ሲዛወር ያሳያል። የፈለገ ሰው ሥዕሉን ሁሉ እንደ ዱሮ ፊልም ጥቁርና ነጭ አድርጎ መጫወት ይችላል።

የጨዋታው ትልቁ ብርታት በፊት አሣሣሉ ላይ ነው። ሞሽን ስካን በተባለው ዘዴ፣ ተዋናዩ ብርሃን በሞላበት ክፍል ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲናገር፣ በዙሪያው የተተከሉ 32 ካሜራዎች ጭንቅላቱን ከየማዕዘኑ ያነሡታል፤ ኮምፒዩተርም ምስሎቹን አገጣጥሞ ሕያው የሚመስል ፊት ያወጣል። ስለዚህ የምናየው በሠዓሊ እጅ የተሠራ ፊት ሳይሆን፣ የተዋናዩ የራሱ ምራቅ መዋጥ፣ የከንፈሩ መንቀጥቀጥና የዓይኑ መሸሽ ነው። ተጫዋቹ ከምስክር ወይም ከተጠርጣሪ ቃል ሲቀበል ይህን ሁሉ ተመልክቶ እያንዳንዱን መልስ «እውነት»፣ «ጥርጥር» ወይም «ሐሰት» ብሎ መለየት አለበት። ሐሰት ያለ እንደ ሆነ ከማስታወሻ ደብተሩ ማስረጃ እንዲጠቅስ ይገደዳል። ያለ ማስረጃ ሰውን ውሸታም ማለት እንዳይቻል መደረጉ፣ በእኛ አስተያየት፣ ከጨዋታው ደንቦች ሁሉ የሚበልጠው ነው። እርግጥ አካሉ ለብቻው ስለሚቀረጽ፣ አንዳንድ ጊዜ ጭንቅላቱ ከሌላ ሰው በውሰት የመጣ ይመስላል።

ጨዋታው ጣታቸው ላልፈጠነና ለጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ለሚጫወቱ ሰዎችም ይራራል። ተኩሱ ወይም ማሳደዱ ሦስት ጊዜ ያልተሳካለት ሰው ያንን ክፍል ዘልሎ ማለፍ ይፈቀድለታል፤ መንዳት የሰለቸውም መሪውን ለባልደረባው ይለቃል። ወንጀል በተፈጸመበት ስፍራ ፍንጭ አጠገብ ሲደርስ የደወል ድምፅ ይሰማል፣ በእጁ የያዘው መቆጣጠሪያም ይንቀጠቀጣል። ፍንጩ ሁሉ ተለቅሞ ሲያልቅ ሙዚቃው ይቆማል።

ጉድለቱ የሚጀምረው ግን ከዚሁ ከደግነቱ ነው። ሙዚቃው ዝም እስኪል ድረስ ክፍሉን የሚዞር ሰው፣ የጠፋበትን ቁልፍ ይፈልጋል እንጂ አይመረምርም። ከዚህም የሚከፋው፣ ተጫዋቹ ጥያቄውን ሁሉ ቢያበላሽ እንኳ ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ተወሰነለት መድረሻ መሄዱን አይተውም። ቅጣቱ የአለቃ ቁጣና ከአምስት ያነሰ ኮከብ ነው።

ይህ በነፍስ ግድያው ክፍል ጎልቶ ይታያል። (ፍጻሜውን አስቀድሞ ማወቅ የማይሻ አንባቢ ይህን አንቀጽ ይዝለለው።) የክፍሉ መነሻ እውነተኛ ታሪክ ነው፤ በጃንዋሪ 15 ቀን 1947 ዓ.ም. ኤሊዛቤት ሾርት የተባለች ወጣት በሎስ አንጀለስ ተገድላ ተገኘች፤ ጋዜጦች «ብላክ ዳሊያ» ያሏት ይህች ሴት ገዳይዋ እስከ ዛሬ አልታወቀም። በጨዋታው ግን ሌሎች ሴቶች በየተራ ይገደላሉ፤ ተጫዋቹም በየመዝገቡ አንድ ሰው ይከሳል፤ እንዲያውም በአንዱ መዝገብ ከታሰሩ ሁለት ሰዎች አንዱን እንዲመርጥ ይደረጋል። በመጨረሻ ገዳዩ ከተከሳሾቹ አንዱም እንዳልነበረ ይገለጣል። እንደ ልብ ወለድ ይህ የኑዋር መራራነት ስለ ሆነ እናደንቀዋለን። ነገር ግን ነገሩ አልጥም ያለው ተጫዋች «ይህ ሰው ይፈታ» የሚልበት ቁልፍ አልተሰጠውም፤ ንጹሑን ሰው ጥሩ አድርጎ ከከሰሰ ግን አምስት ኮከብ ይሸለማል።

ወደ ፊት ጉዳይ እንመለስ። ቻርልስ ቦንድና ቤላ ደፓውሎ የተባሉት ተመራማሪዎች፣ ብዙ ቀደምት ሙከራዎችን በአንድነት መርምረው በ2006 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች እውነትንና ሐሰትን በትክክል የሚለዩት በአማካይ ከ100 ፍርድ በ54ቱ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይተዋል። ሳንቲም ወርውሮ የሚፈርድ ሰው 50 ያህሉን ያገኛል። በጨዋታው ውስጥ ውሸት በዓይን የሚታየው፣ ተዋናዩ እንዲታይ አድርጎ ስለሚተውን ነው፤ በእውነተኛው ዓለም ግን ፖሊስ የሚፈራ ንጹሕ ሰውም ዓይኑን ያሸሻል። በቋንቋችንም «ፊቱ ያሳብቅበታል» ማለት የተለመደ ነው። ከዚህ ኮሌጅ ወጥቶ በችሎት ወንበር ወይም በምርመራ ክፍል የሚቀመጥ ሰው ይህን አነጋገር ይዞ ቢሄድ፣ ዕዳው የሚወድቀው በፊቱ በቆመው ሰው ላይ ነው።

የቁልፎቹ ስምም ችግር ነበረበት። ተጫዋቹ «ጥርጥር» ያለው ለጥቂት ማመንታት ሲሆን፣ ፌልፕስ ግን በኀዘንተኛው ላይ ይጮኽበታል። ጨዋታው በ2017 ዓ.ም. እንደገና ሲወጣ ስሞቹ «ደግ ፖሊስ»፣ «ክፉ ፖሊስ» እና «መክሰስ» በሚል ተለወጡ። አሁን ተጫዋቹ ፌልፕስ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ያውቃል፤ ሆኖም ቁልፎቹ የሚጠይቁት ስለ ምስክሩ ቃል እውነትነት መሆኑ ቀርቶ ስለ ፖሊሱ ጠባይ ሆኗል። እኛ በበኩላችን የቀድሞዎቹን ስሞች ከነስሕተታቸው እንመርጣለን። ደወሉንና መንቀጥቀጡን ግን ከማስተካከያው ገጽ ማጥፋት ስለሚቻል፣ ጨዋታውን የሚጀምር ሰው አስቀድሞ ያጥፋቸው።