ኮምፒውተር ውስጥ የሚጮኽ ጠርሙስ

የባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ ሲነፉ የሚወጣውን ወፍራም ድምፅ የማያውቅ የለም። አንገቱ ውስጥ ያለው አየር ወጣ ገባ ይላል፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ደግሞ እንደ ሞላ ይገፋዋል፣ ይስበዋል። ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1863 ባሳተመው መጽሐፉ በሰፊው ስላብራራው፣ እንዲህ ያለው ዕቃ ዛሬም የሚጠራው በእሱ ስም ነው።

አንድ ሊትር የሚይዝ፣ አንገቱ 5 ሳንቲ ሜትር የሚረዝምና 2 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ጠርሙስ 120 ኸርዝ አካባቢ ይጮኻል። ይህን ለማስላት ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል። ጣጣው የሚመጣው ድምፁ ምን ያህል ይጎላል፣ መቼስ ይከስማል ሲባል ነው። ግፊትን ብቻ የሚያሰላ ሶፍትዌር ከእውነተኛው ጠርሙስ የበለጠ ያስጮኸዋል፤ አፉ ተደፍኖ ቢሰላማ ጭራሽ ዝም አይልም። ሶፍትዌሩ የሚያወጣው በቀለም ያሸበረቀ ሥዕል ማማሩ ብዙ ሰው ያታልላል።

የድምፁ ጉልበት የሚባክነው በአብዛኛው የጠርሙሱ ግድግዳ አጠገብ ነው። ግድግዳውን የነካ አየር አይንቀሳቀስም፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ግን ይንሸራተታል፣ ይፋተጋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በ120 ኸርዝ ከ0.2 ሚሊ ሜትር እምብዛም በማይወፍር የአየር ሽፋን ውስጥ ነው።

ሙቀትም ድርሻ አለው። አየር ሲታመቅ ይሞቃል፣ ሲላላ ይቀዘቅዛል፤ 94 ዴሲቤል የሚደርስ ኃይለኛ ድምፅ እንኳ የሚያመጣው ለውጥ ከዲግሪ አንድ ሺህኛ አይሞላም። መሃል ያለው አየር ሙቀቱን ለማንም ለመስጠት ፋታ የለውም። የዳሩ ግን ለግድግዳው ይሰጣል፣ ዘግይቶም ይቀበላል፤ ኪሳራው ያለው በዚህ መዘግየት ውስጥ ነው። ኒውተን የድምፅን ፍጥነት ሲያሰላ የአየሩ ሙቀት አይለወጥም ብሎ በመነሳቱ ዝቅ ያለ ቁጥር አገኘ፤ በኋላ የሒሳብ ሊቁ ላፕላስ አረመው። የሚገርመው፣ ግድግዳው ሥር የኒውተን አባባል ልክ ነው።

ሰበቃውንና ሙቀቱን ለቱቦ በአንድነት ያሰላቸው የፊዚክስ ሊቁ ኪርሾፍ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1868። ይህንኑ ለማንኛውም ቅርጽ ኮምፒውተር ይሥራው ከተባለ በእያንዳንዱ ነጥብ ግፊትን፣ ሦስት የፍጥነት አቅጣጫዎችንና ሙቀትን መፈለግ አለበት፤ አንድ የነበረው ያልታወቀ ቁጥር አምስት ይሆናል። ያችን ስስ ሽፋን ደግሞ ከፋፍሎ ማየት ግድ ነው። ስለዚህ ለጠርሙስ ኪሳራውን ግድግዳው ላይ በቀመር ማስቀመጡ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ መድከም በእኔ እይታ ጊዜ ማባከን ነው።

የስልክ ማይክሮፎን ቀዳዳና የጆሮ ማዳመጫ መሣሪያ ቱቦ ሌላ ጉዳይ ናቸው። እዚያ የግራና የቀኙ ሽፋን እየተቀራረበ ይገናኛል፤ ነፃ የሆነ መሃል አይተርፍም፣ የቀመሩ አቋራጭም አይሠራም። መሐንዲሶች ታዲያ ሙሉውን ስሌት ለጠባቡ ክፍል ብቻ ይመድቡና ሰፊውን በግፊት ብቻ ያሰሉታል።