ቁልቋል ወጥ ይሆናል?

ቁልቋል ይበላል ስል የሚስቁብኝ አሉ። ሜክሲኮዎች ግን የበለስን ለጋ ቅጠል «ኖፓል» ብለው እንደ ጎመን ይበሉታል፤ በባንዲራቸው ላይ ያለው ንስር የቆመውም በዚሁ ተክል ላይ ነው። በርበሬያችንም ቢሆን ዘሩ ከዚያው አህጉር የመጣ ነው።

በሕግ ትምህርት ትርጓሜ ይቀድማል፤ እዚህም እንደዚያው ነው። እኛ «ቁልቋል» የምንለው ሁለት የተለያየ ተክል ነው። ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈሰው አገር በቀሉ ቁልቋል መርዛማ ነው፤ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ይችላል። ለድስት የሚሆነው ጠፍጣፋው፣ ፍሬውን የምንበላው በለስ ብቻ ነው።

አሠራሩ አይከብድም። መዳፍ የሚያህል ለጋ ቅጠል ተመርጦ እሾሁ በቢላዋ ይፋቃል። ተከትፎ በጨው ውኃ 10 ደቂቃ ያህል ይቀቀልና ዝልግልጉ እስኪለቅ ይታጠባል። የደረቀ በርበሬ ዘሩ ወጥቶ፣ ሳያር ጥቂት ታምሶ፣ በሙቅ ውኃ ተዘፍዝፎ ይፈጫል። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በዘይት ከተቁላላ በኋላ በርበሬው፣ ቀጥሎም የተከተፈ ሥጋ ይገባል። ቅጠሉ የሚጨመረው ሥጋው ከበሰለ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ይፈርሳል።

በትግራይ የበለስ ፍሬው ለሰው፣ ቅጠሉ ለከብት ነው። በድርቅ ጊዜ እንኳ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይን ቅጠል ለከብት ብቻ መተዋችን፣ በእኔ አስተያየት፣ ሊታሰብበት ይገባል።