ጸጉራችንና ሌሊቱ፦ ከሻሽ በታች ያለ አማና

ቢስሚላሂ-ር-ራሕማኒ-ር-ራሒም

ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሶላትና ሰላም በነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ለዛሬው ርዕሳችን መነሻ የሆነን ከዳንግላ ከአንዲት ባለትዳር እህታችን የደረሰን ደብዳቤ ነው። እህታችን ለዘመድ ኒካሕ ብላ ጸጉሯን ሹሩባ ተሠራች። ሥራው ግማሽ ቀን ፈጀ፤ የተከፈለበትም ገንዘብ ለቤቷ ቀላል አልነበረም። በዚያው ሌሊት ትጥበት ግዴታ ሆነባት። «ሹሩባዬ እንዳይበላሽ ብዬ ትጥበቱን ለነገ አልኩት። ሱብሒ አለፈኝ፤ ዙህርም አለፈኝ፤ ሰርጉ እስኪያልቅ ሁለት ቀን ሙሉ ያለ ሶላት ቆየሁ። አሁን ጸጸቱ እንቅልፍ ነሳኝ። ሶላቴ ምን ይሆናል? ጸጉሬንስ ሌሊት ሌሊት እንዴት ብጠብቀው ይሻላል?» ስትል ጠይቃናለች።

ደብዳቤውን ስናነብ ያፈርነው እኛ ነን። እኛ ኢማሞችና ዱዓቶች ስለ ጸጉር መሸፈን በየሚንበሩ ብዙ ተናግረናል። ከተሸፈነ በኋላ ስለሚገባው እንክብካቤ፣ ስለ ትጥበቱም ሕግ ግን እህቶቻችን በሚገባቸው መልኩ አላስረዳንም። አንዲት እህት ሁለት ቀን ሶላት ያለፋት ሸሪዓው ስለከበዳት አይደለም፤ ሸሪዓው ምን ያህል እንዳቀለለላት የነገራት ስለሌለ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ጥያቄዎች በቅደም ተከተል እንመልሳለን ኢንሻአላህ።

ጸጉር መብት አለው

ጸጉር አላህ የሰጠን አማና ነው። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጸጉር ያለው ሰው ጸጉሩን እንዲያከብረው አዝዘዋል። በጃቢር (ረ.ዐ) ዘገባም ጸጉሩ የተንጨባረረ ሰው ባዩ ጊዜ ጸጉሩን የሚያስተካክልበት ነገር ማጣቱ አስገርሟቸዋል። እርሳቸውም በኢዕቲካፍ ላይ ሳሉ ራሳቸውን ከመስጂድ ወደ ክፍሏ ያወጡላቸውና እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ያበጥሯቸው ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ቀን በቀን በማበጠር መጠመድን ከልክለዋል። እንግዲህ የእስልምና መንገድ መካከለኛ ነው፤ ጸጉርን መጣልም የለም፣ ለጸጉር መገዛትም የለም።

ይህ ሐዲስ የሚሠራው ጸጉራቸው ለሚታይ ብቻ አይደለም። ሒጃብ የለበሰች እህት ጸጉሯ ከባዕድ ዓይን ተሰወረ እንጂ መብቱ አልተሰወረም።

ሌሊት በጸጉር ላይ ምን ይደርሳል?

ከራስ ቆዳ በላይ የሚታየው ጸጉር ሕይወት የለውም፤ ሕይወት ያለው ሥሩ ነው። ስለዚህ የተሰበረ ጸጉር እንደ ቁስል አይድንም፤ ከሥሩ አዲስ እስኪያድግ መጠበቅ ነው። እድገቱም በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በቀን ከ50 እስከ 100 የሚደርስ ጸጉር መርገፉ የተለመደ ስለሆነ በማበጠሪያ ላይ ጥቂት ስላየን አንደንግጥ።

እንደ አብዛኞቻችን ያለ ጥቅልል ጸጉር በተፈጥሮው ደረቅ ነው። የራስ ቆዳ የሚያመነጨው ወዝ በጠመዝማዛው ጸጉር ላይ ወርዶ ጫፉ ድረስ በቀላሉ አይደርስም። ሌሊት በጥጥ ትራስ ላይ ስንገላበጥ ጥጡ ያለውን ወዝና እርጥበት ይመጥጣል፤ ሻካራውም ጨርቅ ጸጉሩን እየፈተገ ይሰብረዋል። እርጥብ ጸጉር ደግሞ ከደረቁ ይልቅ ይለጠጣል፣ ቶሎም ይበጠሳል።

በአካባቢያችን ሌላም አለ። የእንጅባራ ደጋ ብርዱ ይታወቃል። የማገዶ ጭስ ከጸጉር ጋር ይውላል። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው የዲከረንስ ከሰል ሲያከስሉ፣ ሲጭኑና ሲሸጡ የሚውሉ እናቶችና አባቶች የከሰሉን ብናኝ በራሳቸው ተሸክመው ይገባሉ። ያ ብናኝ ሳይራገፍ ከተተኛበት ሌሊቱን ሙሉ ከጸጉሩ ጋር ሲፋተግ ያድራል።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ያውቁት ነበር

ጸጉርን ከመኝታ መጠበቅ ከውጭ የመጣ ፋሽን የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። በአገራችን ከእንጨት የሚጠረብ በርኩማ የሚባል ትራስ ከጥንት ጀምሮ ነበር። ሰው ሲተኛ ከአንገቱ ሥር ያደርገዋል፤ ራስ ከመኝታው ከፍ ስለሚል የተሠራው ጸጉር አይጨፈለቅም፣ የተቀባው ቅቤም መኝታውን አይነካም። በደቡብ ኦሞ የሐመርና የካሮ ወንዶች በጭቃ ያስዋቡትን ጸጉር የሚጠብቁት በእንዲህ ዓይነቱ እንጨት ነው። ከኢትዮጵያ የተወሰዱ እነዚህ የእንጨት ትራሶች ለንደን በሚገኘው ብሪቲሽ ሙዚየም ሳይቀር ተቀምጠዋል።

የሐረር እናቶቻችንን ደግሞ እንመልከት። ጸጉራቸውን ከመሐል ከፍለው ከሁለቱ ጆሮዎቻቸው ኋላ ይጠቀልሉታል፤ በላዩም ጉፍታ ያስሩበታል። ይህ ልብስም ነው፣ ለጸጉሩም መጠበቂያ ነው። በየቤታችንም እናቶቻችን ለጋ ቅቤ ተቀብተው፣ ሻሽ አስረው ይተኙ ነበር። ብልሃቱን ያወቁት ከኑሮ ነው።

ከመኝታ በፊት ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የቀኑን ሒጃብ እናውልቅ። በቤቷ፣ ከባሏና ከመሕረሞቿ ጋር ያለች ሴት በጠባብ ሒጃብ እንድትተኛ የሚያስገድዳት ሕግ የለም። ቀን ሙሉ የታሰረ ራስ ማታ ይተንፍስ። በእስፒል መተኛት ደግሞ ለአንገትም ለዓይንም፣ አጠገብ ለሚተኛውም ሕፃን አደጋ ነው።

ሁለተኛ፣ ጸጉሩን አራግፈን እናበጥር። ሚዶውን ከሥር ወደ ጫፍ በኃይል ከመጎተት ከጫፉ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ላይ መፍታት ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ጫፉን በጥቂቱ ቅቤ ወይም ዘይት እናለስልስ። ብዙ መቀባት ብዙ ጥቅም አይሰጥም፤ ትራሱን ያበላሻል፣ አቧራም ይሰበስባል።

አራተኛ፣ ያልተሠራ ጸጉር ሁለት ወይም አራት ቦታ ላላ ተደርጎ ይጎንጎን። «ላላ» የምንለው በምክንያት ነው። ግንባርና ጆሮ ግንድ አካባቢ ያለ ጸጉር በጠበቀ ሹሩባ ሲጎተት ከኖረ ይሳሳል። በጊዜ ከተተወ ይመለሳል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ይሞትና ቦታው ራሰ በራ ሆኖ ይቀራል። ልጃችን ሹሩባ ተሠርታ «አመመኝ» ብላ ስታለቅስ «ቆንጆ ለመሆን ነው፣ ቻይው» አንበላት። ሕመሙ ሥሩ እየተጎተተ መሆኑን የሚነግረን ምልክት ነው፤ ይላላላት።

አምስተኛ፣ ዉዱእ እናድርግ፤ ከዚያ በኋላ ለስላሳ ሻሽ እንሰር። ቅደም ተከተሉን ያዙልን። በበራእ ኢብኑ ዓዚብ (ረ.ዐ) ሐዲስ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መኝታ ስንሄድ እንደ ሶላት ዉዱእ አድርገን በቀኝ ጎናችን እንድንተኛ አስተምረዋል። ሻሹ ግንባርን የማይከረክር፣ ንጹሕና በየሳምንቱ የሚታጠብ ይሁን። ሻሽና ማበጠሪያ መዋዋስ ቅማልንና ጭርትን ከልጅ ወደ ልጅ ያሻግራልና ለየልጁ የራሱ ይኑረው።

ስድስተኛ፣ እሳቱን እናጥፋ። ይህን አደራ እንላለን። በብርድ ሌሊት ጸጉሯን ታጥባ በዝግ ክፍል ውስጥ በከሰል ምድጃ ላይ እያደረቀች እንቅልፍ የሚወስዳት እህት ሕይወቷን ለአደጋ ትሰጣለች። የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ አለው፤ የተኛን ሰው ሳያስነቃ ይገድላል። ዘይት የነካው ጸጉርም ከኩራዝ ወይም ከሻማ አጠገብ ለእሳት ቅርብ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስንተኛ በቤታችን እሳት እንዳንተው የከለከሉት ለእንዲህ ያለው ነው። ጸጉር በፎጣ ይድረቅ፤ የሚታጠብም ከተቻለ ፀሐይ ሳለ ይታጠብ።

የሐር ትራስ ነገር

አንዳንድ እህቶች «ለጸጉር የሐር ትራስ ጥሩ ነው ሲባል ሰማን፤ ይፈቀዳልን?» ይላሉ። ለስላሳ ጨርቅ ጸጉርን አለመፈተጉ እውነት ነው። ሐር ለሴቶች ተፈቅዷል፤ ለወንዶች ግን መልበሱ ተከልክሏል። ሑዘይፋ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ በላዩ መቀመጥም ተካቷል። አብዛኞቹ ሊቃውንት በዚህ መሠረት ወንድ በሐር ላይ እንዳይተኛ ሲሉ ኢማም አቡ ሐኒፋ ሐርን ትራስ ማድረግን ፈቅደዋል። ከልዩነቱ ለመውጣት ባል ሌላ ትራስ ቢይዝ ይመረጣል።

ይሁንና በገበያችን «ሳቲን» ተብሎ የሚሸጠው በአብዛኛው ከፋብሪካ ክር የተሠራ እንጂ የሐር ትል ሐር አይደለም። እርሱ ለወንድም ለሴትም ችግር የለውም። መግዛትም ግድ አይደለም፤ ካረጀ ቀሚስ ገበር ቆርጦ ለትራስ ልብስ መስፋት ይቻላል። የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ትራስ የተምር ዛፍ ጭረት የተሞላ ቆዳ ነበር። ለትራስ ልብስ ብሎ የልጆችን ቀለብ መንካት ኢስራፍ ነው።

ሹሩባና ትጥበት

አሁን ወደ እህታችን የመጀመሪያ ጥያቄ እንመለስ። እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ጸጉራቸውን አጥብቀው የሚጎነጉኑ ሴት ነበሩ። ለጀናባ ትጥበት ይፍቱት እንደሆነ ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቁ። መልሱ መፍታት እንደማያስፈልግ፣ ራስ ላይ ሦስት ጊዜ በእፍኝ ውኃ አፍስሶ ገላን መታጠብ እንደሚበቃ ነበር፤ ሙስሊም ዘግበውታል። ከሰሓቦች አንዱ ሴቶች ጸጉራቸውን እንዲፈቱ እንደሚያዝ ዓኢሻ (ረ.ዐ) በሰሙ ጊዜም ተቃውመዋል።

ስለዚህ እህታችን ሆይ! ሹሩባሽን ሳትፈቺ መታጠብ ትችዪ ነበር። የሚፈለገው ውኃው ከጸጉሩ ሥር መድረሱ ነው። በጣቶችሽ በሹሩባው መስመሮች መካከል ቆዳውን እያሸሽ ማፍሰስ ይበቃል። ሹሩባው እጅግ ጠብቆ ውኃ የማያስገባ ከሆነ፣ ወይም ቅቤው ረግቶ ውኃ ከከለከለ ግን ይፈታል፣ ይጸዳል። የሐይድ ትጥበት ሲሆን መፍታት ግዴታ ነው ያሉ ሊቃውንት አሉ፤ አብዛኞቹ ግን ውኃው ከሥሩ ከደረሰ ይበቃል ብለዋል። ዉዱእ ደግሞ ከዚህም ይቀላል። በሻፊዒይ መዝሀብ ከራስ ጥቂቱን፣ በሐነፊ ሩቡን ማበስ ግዴታውን ያወጣል። በእርጥብ እጅ ማበስ የትኛውን ሹሩባ ያበላሻል?

ሌሊቱ ቢበርድስ? ዑመር (ረ.ዐ) በጀናባ ሆኖ መተኛት ይቻል እንደሆነ ጠይቀው ዉዱእ አድርጎ መተኛት እንደሚቻል ተነግሯቸዋል። ስለዚህ በእኩለ ሌሊት መታጠብ ግድ አይደለም፤ የሱብሒ ወቅት ሳይወጣ ግን ውኃ አሙቆ መታጠብ ግድ ነው። ውኃ ማሞቂያ ያጣና ብርዱ ይጎዳኛል ብሎ በእርግጥ የሰጋ ሰው ተየሙም አለው፤ «ጸጉሬ ይበላሻል» የሚለው ግን ተየሙምን አያስፈቅድም፣ ሶላትንም አያሳልፍም።

ያለፉሽን ሶላቶች በቅደም ተከተል ቀዷ አውጪ፤ ከልብሽም ተውበት አድርጊ። አላህ መሐሪ ነው። ሰው ሠራሽም ይሁን የሌላ ሰው ጸጉር መቀጠልን ግን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የቀጠለችውንም ያስቀጠለችውንም ስለረገሙ ሰርግ ቢሆንም እንራቀው።

ለባሎችና ለወላጆች

ባሎች ሆይ! ሚስትህ ሻሽ አስራ ስትተኛ አታሹፍባት፤ የምትጠብቀው አማናዋን ነው። ማለዳ ውኃ ማሞቅ የእርሷ ሥራ ብቻ አይሁን፤ አንተ እሳቱን ብታነድ ለሶላቷ ምክንያት ሆንክ። እናቶች ሆይ! ለልጆቻችሁ ጸጉር መሥራትን ስታስተምሩ የትጥበቱንም ሕግ አብራችሁ አስተምሩ። ልጅቷ አንዱን አውቃ ሌላውን ካላወቀች እንደ እህታችን ትቸገራለች።

በመጨረሻም፣ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ሰው ሲተኛ ሸይጣን ከማጅራቱ ላይ ሦስት ቋጠሮ እንደሚቋጥር ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ነቅቶ አላህን ሲያወሳ አንዱ፣ ዉዱእ ሲያደርግ ሁለተኛው፣ ሲሰግድ ሦስተኛው ይፈታል። ማታ የጎነጎንነው ጸጉር ሳይፈታ ቢያድር መልካም ነው። እነዚያ ሦስቱ ግን ከሱብሒ በፊት ይፈቱ።

አላህ ያወቅነውን የምንሠራበት ያድርገን። አላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።