ቁጥር ከነቦታው፦ በመተማ–ጎንደር መስመር የአሮጌ ላንድሮቨር ሞተርን የውስጥ ጉዳት መመርመር

መግቢያ

ከመተማ ዮሐንስ ተነሥቶ በገንዳ ውኃና በአይከል በኩል ጎንደር የሚገባ መኪና፣ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ከሆነው ቆላ ወደ 2,130 ሜትር ገደማ ከፍታ ይወጣል። ለአዲስ መኪና ይህ ተራ ጉዞ ነው፤ ዕድሜው አርባ ዓመት ላለፈ ሞተር ግን ፈተና ነው። ሞተሩ ጉልበት ሲያጣ፣ ሰማያዊ ጭስ ሲያወጣ ወይም ሲያንኳኳ ባለቤቱ ቶሎ የሚሰማው ምክር «ሞተሩ ይውረድ» የሚል ነው። ሆኖም ሳያስፈልግ የተፈታ ሞተር ገንዘብንና የሥራ ወቅትን ይበላል፤ በጊዜው ያልተፈታም ክራንክሻፍቱን ይዞ ይጠፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከመፍታት በፊት ጉዳቱን እንዴት መለየት እንደሚቻል፣ በተለይም አንድ ዓይነት ልኬት በመተማና በጎንደር ለምን የተለያየ ትርጉም እንደሚይዝ ማስረዳት ነው።

ለምሳሌነት የተወሰደው የላንድሮቨር 2.25 ሊትር የቤንዚን ሞተር ነው። ይህ ባለአራት ሲሊንደር ሞተር በ1958 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ የሲሊንደሩ ስፋት 90.47 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 88.9 ሚሊ ሜትር፣ ጠቅላላ ይዘቱም 2,286 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው።

የጉዳቱ ምንጮች

በቆላው ሁለት ጠላቶች ጎልተው ይታያሉ፤ አቧራና ሙቀት። የአሮጌው ላንድሮቨር የአየር ማጣሪያ (ፊልትሮ) አቧራን የሚይዘው ከሥሩ በሚቀመጥ ዘይት ነው። ዘይቱ በደለል ሲሞላ ወይም ሲጎድል የአሸዋ ብናኝ ወደ ሲሊንደሩ ይገባና የፒስተኑን ቀለበት (ፋሻ) እና የሲሊንደሩን ግድግዳ እንደ ሞረድ ይበላል። መበላቱ የሚበረታው የላይኛው ፋሻ በሚደርስበት የሲሊንደሩ ጫፍ ላይ ነው።

ሙቀቱ ደግሞ ከዳገቱ ጋር ይተባበራል። ውኃ በመተማ ከፍታ በ98 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲፈላ፣ በጎንደር ከፍታ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተው፣ ሞተሩ እጅግ በሚደክምበት አቀበት ላይ ውኃው ቀድሞ ይፈላል። ውጤቱም የቴስታታ መጣመም ወይም የጓርኒሲዮን መቃጠል ይሆናል።

የኮምፕሬሽን ልኬት ከከፍታ አንጻር

የመጀመሪያው ምርመራ የእመቃ ግፊትን (ኮምፕሬሽንን) መለካት ነው። ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ተረግጦ፣ ባትሪውም በሚገባ ተሞልቶ ሊለካ ይገባል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ልኬቱ ያሳስታል።

ሲሊንደር የሚያምቀው የሳበውን አየር ነው። የከባቢ አየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ጋር ሲነጻጸር በመተማ 92 በመቶ፣ በጎንደር 77 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ በባሕር ወለል 10 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር በመተማ 9.2፣ በጎንደር 7.7 ባር ገደማ ያሳያል። ጎንደር ላይ 7.7 ያነበበ መካኒክ ቁጥሩን ከፋብሪካው መጽሐፍ ጋር ብቻ ካነጻጸረ ጤነኛውን ሞተር «ፋሻው አልቋል» ብሎ ይፈርድበታል። ያው 7.7 መተማ ላይ ቢነበብ ግን ሞተሩ ከሚጠበቅበት 16 በመቶ ያህል አጥቷል ማለት ነው። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ፍርዱ ሁለት።

ከፍታ የማያዛባው መለኪያ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። በተለመደው የጥገና መመሪያ ዝቅተኛው ንባብ ከከፍተኛው 75 በመቶ በታች ሊሆን አይገባም። አራቱም እኩል ዝቅ ካሉ ከፍታን፣ የባትሪ ድካምን ወይም እኩል መበላትን መመርመር ያሻል፤ አንዱ ብቻ ከወደቀ ጉዳቱ በዚያው ሲሊንደር ነው፤ ጎረቤታሞች የሆኑ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወደቁ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል።

ጉዳቱን ከነቦታው መለየት

ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ይገባል። ግፊቱ ከፍ ካለ ዘይቱ ክፍተቱን ለጊዜው ደፍኗልና ጉዳቱ በፋሻው ወይም በግድግዳው ላይ ነው፤ ካልተለወጠ ከቫልቭ ወይም ከጓርኒሲዮን ነው።

ይህን ለማጣራት ፒስተኑን ከላይኛው ጫፍ አድርሶ፣ ሁለቱም ቫልቮች በተዘጉበት ሁኔታ፣ በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር መስጠት ይቻላል። የጎሚስታ መጭመቂያና ከአሮጌ ካንዴላ አካል ጋር የተበየደ ቱቦ ይበቃል፤ ሞተሩ እንዳይዞር ግን ማርሽ ማስገባትና የእጅ ፍሬን መያዝ የግድ ነው። አየሩ በካርቡራተር ከወጣ የማስገቢያው፣ በማርሚታ ከወጣ የማስወጫው ቫልቭ አይገጥምም፤ በዘይት መሙያው ከወጣ ፋሻው ነው፤ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከታየ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል።

ማንኳኳት ሌላ ጉዳይ ነው። የአንድ ካንዴላ ሽቦ ሲነቀል ድምፁ ከቀነሰ የዚያ ሲሊንደር ቤላ ብሮንዚን ይጠረጠራል። በጭነት ጊዜ የሚሰማ ወፍራምና ጥልቅ ድምፅ ከዋናው ብሮንዚን የመምጣቱ ዕድል ይበልጣል። በተደፋው ዘይት ውስጥ ብልጭ የሚሉ ቅንጣቶች ማግኔት ካልያዛቸው የብሮንዚን ልባስ ሊሆኑ ይችላሉና መኪናው ከዚያ ወዲያ ሊነዳ አይገባም።

ጥገና

ጉዳቱ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን ከሆነ ቴስታታውን ብቻ ማውረድ ይበቃል፤ ሆኖም ገጹ በቀጥታ ማስመሪያ ሳይለካ አዲስ ጓርኒሲዮን መግጠም ድካምን መድገም ነው። ጉዳቱ ሲሊንደር ከሆነ ስፋቱ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች፣ በሁለት አቅጣጫ ይለካል። በተበላ ሲሊንደር ላይ ፋሻ ብቻ መቀየር ለአጭር ጊዜ ነው፤ ዘላቂው መፍትሔ ሲሊንደሩን በማሽን አስፍቶ የሚመጥነውን ፒስተን መግጠም ነው።

ብሮንዚን የሚገዛ ሰው አንድ ነገር አስቀድሞ ይወቅ። ከ1980 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራው ይህ ሞተር ክራንክሻፍቱን በሦስት፣ ከዚያ ወዲህ የተሠራው በአምስት ዋና ብሮንዚን ይይዛል። ሞተሮች ከመኪና ወደ መኪና ስለሚዛወሩ የመኪናው ዘመን ብቻ አያስተማምንም፤ የሞተሩ ቁጥር ሊታይ ይገባል።

ማጠቃለያ

የሞተር ምርመራ ዋጋ ከመሣሪያው ይልቅ ከአነባበቡ ይመነጫል። በመተማ–ጎንደር መስመር የሚሠራ መካኒክ ከእያንዳንዱ የኮምፕሬሽን ንባብ ጎን የተለካበትን ቦታ ቢመዘግብና ቀጣዩን ልኬት እዚያው ቦታ ካገኘው ጋር ቢያነጻጽር፣ ጤነኛው ሞተር ሳይፈታ፣ የታመመውም ሳይዘገይ ይለያል። ከጥገናው በኋላም የአየር ማጣሪያው ዘይትና የራዲያተሩ ክዳን ካልተስተካከሉ፣ የተጠገነው ሞተር በዚያው መንገድ ወደዚያው ጉዳት ይመለሳል።