የፍልስፍና ሐሳብና የአጻጻፍ ቅርጹ

ከተለመደው የጥናት ጽሑፍ ሥርዐት የወጣ የፍልስፍና ድርሰት በምሁራን መጽሔት ሊስተናገድ ይገባዋልን? መልሱ የሚመነጨው ቅርጹ ለክርክሩ ከሚሰጠው አገልግሎት ነው።

ማይንድ የተባለው የእንግሊዝ የፍልስፍና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1895 ሉዊስ ካሮል የጻፈውን የኤሊና የአኪሊስ ጭውውት አትሟል። ኤሊዋ ሁለት መነሻ ሐሳቦችን ትቀበላለች፤ ከእነርሱ የሚከተለውን መደምደሚያ ለመቀበል ምን እንደሚያስገድዳት ግን ትጠይቃለች። አኪሊስም፣ ሁለቱ እውነት ከሆኑ መደምደሚያውም እውነት እንደሚሆን የሚገልጽ ሦስተኛ መነሻ ይጨምርላታል። እርሷ ይህንንም ተቀብላ ያንኑ ጥያቄ ትደግማለች፤ አራተኛውና አምስተኛው ይከተላሉ፤ ማብቂያም የለውም። ብዙ ፈላስፎች ከዚህ የቀሰሙት ትምህርት የአመክንዮ ሕግ እንደ አንድ ተጨማሪ መነሻ ሐሳብ ሊቆጠር እንደማይችል ነው። አንባቢው ይህን የሚረዳው ድግግሞሹን ራሱ እየተከተለ በመሆኑ፣ ጭውውቱ የክርክሩ አካል ነው።

የሉድቪግ ቪትገንሽታይን ትራክታቱስም አሳታሚ አጥቶ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1921 በቪልሄልም ኦስትቫልድ መጽሔት ታተመ። የዐረፍተ ነገሮቹ ተራ ቁጥሮች የትኛው የትኛውን እንደሚያብራራ ያመለክታሉ። ይሁንና ኦስትቫልድ ሥራውን የተቀበለው በይዘቱ ተማርኮ ሳይሆን፣ መግቢያውን ለጻፈው ለበርትራንድ ራስል ካለው አክብሮት የተነሣ ነበር።

ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል። የደራሲው ማንነት እስከ ዛሬ የሚያከራክረው የዘርአ ያዕቆብ ሐተታ ፍልስፍናን ከሕይወት ታሪክ ጋር አዋሕዶ ያቀርባል። እያንዳንዱ ወገን የእኔ ሃይማኖት ብቻ ቀና ነው ሲል የሰማው ስደተኛ፣ በዋሻ ተሸሽጎ በመካከላቸው ማን ሊፈርድ እንደሚችል ይመረምራል። ገምጋሚ የሕይወት ታሪኩ ይውጣ ቢል፣ ጥያቄው ከምን እንደተወለደ አይታወቅም።

ስለዚህ ጸሐፊው አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ፤ ድርሰቱ ወደ ተለመደው ቅርጽ ቢመለስ ከክርክሩ ምን ይጎድላል? ምንም የማይጎድል ከሆነ ቅርጹ ጌጥ ብቻ ነው። የሚጎድል ነገር ካለ ግን ይህንኑ ለአርታዒው በአጭር ደብዳቤ ያስረዳ። ገምጋሚውም በበኩሉ፣ እንዲህ አይጻፍም ከማለቱ በፊት ክርክሩ የት ላይ እንደተበጠሰ ያመልክት። እንደ ራስል ያለ ዋስ የሌለው የስደት ጸሐፊ፣ ሥራው በስሙ ሳይሆን በሚዛን እንዲዳኝ የሚያደርገው ይህን የመሰለ ግልጽ መለኪያ ነው።