ከመፈረምዎ በፊት ኤክስን ይፈልጉ

አንዲት ጓደኛዬ በወር 15,000 ብር እጇ ላይ የሚደርስ ሥራ ነበራት። የተሻለ ፈልጋ ሌላ ድርጅት ተወዳደረች። በቃለ መጠይቁ መጨረሻ «ስንት ትፈልጊያለሽ?» ሲሏት «20,000» አለች። ሳይከራከሩ ተስማሙ። ደስ ብሏት የቀድሞ ሥራዋን ለቀቀች። የመጀመሪያው ወር ሲያልቅ ግን ባንክ የገባላት 13,650 ብር ሆነ።

የሒሳብ ክፍሉ አልተሳሳተም። እሷ የጠራችው እጅ ላይ የሚደርሰውን ነው፤ እነሱ የተስማሙት ደግሞ ባልተጣራው ደመወዝ ነው። ልዩነቱን በሁለት ደቂቃ ማወቅ ይቻል ነበር፤ ያውም በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል በተማርነው ሒሳብ።

«አንድ ሠራተኛ በወር…» እያሉ የሚጀምሩትን ጥያቄዎች ያስታውሳሉ? ብዙዎቻችን «ይሄ ኤክስ ምን ይሠራልኛል?» ብለን አልፈናቸዋል። ኤክስ ማለት ለማናውቀው ቁጥር የምንሰጠው ስም ብቻ ነው። እዚህ «ሀ» እንበለውና ሦስት የደመወዝ ጥያቄዎችን አብረን እንሥራ።

1. እጄ ላይ 20,000 እንዲደርሰኝ ስንት ልጠይቅ?

ያልተጣራውን ደመወዝ ሀ እንበል። ከዚህ ላይ 7 በመቶው ለጡረታ ይቆረጣል። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የገቢ ግብር ማሻሻያ መሠረት፣ ከ14,000 ብር በላይ የሆነ የወር ደመወዝ ግብሩ 35 በመቶ ሆኖ ከውጤቱ ላይ 2,050 ብር ይቀነሳል። ስለዚህ እጅ ላይ የሚደርሰው፦

ሀ − 0.07ሀ − (0.35ሀ − 2,050) = 0.58ሀ + 2,050

የጓደኛዬን 20,000 በሀ ቦታ ያስገቡት፤ 11,600 + 2,050 = 13,650 ይመጣል። አሁን ወደኋላ እንሂድ፦

0.58ሀ + 2,050 = 20,000
0.58ሀ = 17,950
ሀ = 30,948 ብር ገደማ

መጥራት የነበረባት ቁጥር ይህ ነበር። የቀድሞዋን 15,000 ለማግኘት እንኳ 22,328 ብር ገደማ ያስፈልጋት ነበር። የትራንስፖርትና መሰል አበል ካለ ስሌቱ ስለሚለይ፣ የትኛው ግብር እንደሚከፈልበት አስቀድመው ይጠይቁ።

2. ቋሚ ደመወዝ ይሻላል ወይስ ኮሚሽን ያለው?

ማርኬቲንግ ላይ ስለምሠራ ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ። አንዱ ድርጅት 14,000 ብር ቋሚ ይከፍላል እንበል። ሌላው 8,000 ብርና ከሽያጩ 4 በመቶ ኮሚሽን ይሰጣል። ሀ የወሩ ሽያጭ ይሁን፦

8,000 + 0.04ሀ = 14,000
0.04ሀ = 6,000
ሀ = 150,000 ብር

በወር ከ150,000 ብር በላይ መሸጥ ከቻሉ ኮሚሽኑ ይበልጣል፤ ካልቻሉ ቋሚው ይሻላል። ቃለ መጠይቅ ላይ «ኮሚሽኑ ስንት ነው?» ብለው ብቻ አይመለሱ። «አሁን ያሉት ሻጮች በወር በአማካይ ስንት ይሸጣሉ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ 90,000 ከሆነ የወር ገቢዎ 11,600 ብር ነው፤ ያውም ከግብርና ከጡረታ በፊት።

3. ትርፍ ሰዓቴ በትክክል ተከፍሎኛል?

በወር 6,240 ብር የሚከፈላት እህትዎ 20 ትርፍ ሰዓት ሠራች እንበል። ከተቀናሽ በፊት ያለው ክፍያዋ 6,840 ብር ሆነ። ለአንዱ ትርፍ ሰዓት የተከፈላት ሀ ከሆነ፦

6,240 + 20ሀ = 6,840
20ሀ = 600
ሀ = 30 ብር

በሳምንት 48 ሰዓት ለሚሠራ ሰው የወሩ ሰዓት በአማካይ 208 ነው። 6,240ን ለ208 ሲያካፍሉ የመደበኛው ሰዓት ክፍያዋ 30 ብር ይመጣል። ይህ ማለት ትርፍ ሰዓቷ እንደ መደበኛ ሰዓት ተቆጥሯል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው 1.5 እጥፍ እንዲከፈል ያዛል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት የእረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል ቀን ደግሞ 2.5 እጥፍ ነው። ሥራው በቀን ከሆነ የሰዓቱ ክፍያ 45 ብር ነበር፤ እህትዎ 300 ብር ይቀራታል ማለት ነው። ወረቀቱን ይዛ የሰው ኃይል ክፍል ብትገባ ክርክሩ ቀላል ይሆንላታል።

ሦስቱንም ስንሠራ መንገዱ አንድ ነበር። የማያውቁትን ሀ ይበሉት፤ የሚያውቁትን በቃል እንደሚናገሩት በቅደም ተከተል ይጻፉት፤ ከዚያ ሀን ብቻውን ያስቀሩት። ያገኙትን ቁጥር መልሰው በቦታው አስገብተው መፈተሽዎን አይርሱ። ልጅዎ የቤት ሥራውን ይዞ ሲመጣም ከመጽሐፉ ምሳሌ ይልቅ የቤታችሁን ደመወዝ አውጥታችሁ አብራችሁ ሥሩ።

ጓደኛዬ የሙከራ ጊዜዋን ስትጨርስ 2,000 ብር ጭማሪ ቀረበላት። እዚያው ስልኳን አውጥታ በ0.58 አባዛችው። 1,160 ብር ብቻ ሆነ፤ እጇ ላይ የሚደርሰው 14,810። ከለቀቀችው ሥራ አሁንም 190 ብር ያንሳል። «2,500 ይሁንልኝ» አለች፤ ምክንያቷንም በቁጥር አስረዳች። ተስማሙ። ዛሬ እጇ ላይ 15,100 ብር ይደርሳል።