«ተመስገን፣ ደህና ነኝ» አይበቃም

አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ የትልቁን አንጀት የውስጥ ግድግዳ የሚያቆስል፣ ተሻለ ሲባል መልሶ የሚያገረሽ ሕመም ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ስላለው አሜባ ተብሎ ሊታለፍም ይችላል።

ሕመሙ ካለብዎ፣ በቀጠሮዎ ቀን «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ብለው አይለፉት። ስለ ሰገራ ማውራት ያሳፍራል፤ የወራት ሕመምንም በቃል መያዝ ያስቸግራል። ስለዚህ ማታ ማታ በስልክዎ ይመዝግቡ፦ ቀንና ሌሊት ስንት ጊዜ አስቀመጠዎ? ደም ነበረው? መታገሥ ቻሉ ወይስ አጣደፈዎ? መገጣጠሚያዎን ወይም ዓይንዎን አመመዎ? ሐኪሞችም የሕመሙን ደረጃ ሲለኩ የሚጠይቁት እነዚህን ነው። ከሐኪምዎ ጋር ከተስማሙ በቴሌግራም ሊልኩት ይችላሉ።

ሕመሙ ያስቀረዎትንም ይጻፉ፤ መፀዳጃ ቤት አላገኝም ብለው የተዉትን ጉዞ፣ ያልደረሱበትን ሠርግና ለቅሶ። ቁስለቱ ቢቀንስም ኑሮዎ ወደ ቦታው ካልተመለሰ ሕክምናው ግቡን አልመታም።

መዝገቡ ግን ምርመራን አይተካም። ተሻለኝ ብለውም መድኃኒትዎን በራስዎ አያቋርጡ። ደም ያለው ተቅማጥ በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ካስቀመጠዎ፣ በተለይ ትኩሳት ወይም የልብ ምት መፍጠን ከታከለበት፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ።